በሙል የተወለደችው ልጄ

ባሕር ማዶ ስቶክዌል ስወልድ አበሻው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ ከዚያ «ክሮይደን ሄደሽ ጥገኝነት አፕላይ አድርጊ እንጂ» ይለኛል። ስለ ልጅቷ አባት ግን የሚጠይቀኝ አልነበረም። እኔ በትምህርት ሰበብ ነፍሰ ጡር ሆኜ ቀድሜው ወጣሁ፤ እሱ ሊከተለኝ ሲሰናዳ ደርግ አሰረው። ልወልድ ስል እናቱ ስንቅ ይዘው ቢሄዱ፣ የእስር ቤቱ ዘበኛ «ከእንግዲህ አያምጡ» ብሎ መለሳቸው። ያ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሌላ እስር ቤት አዛውረውት ይሆናል የምለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከታችኛው ፎቅ ከኡጋንዳ ተባረው የመጡ አንዲት ህንዳዊት ባልቴት ይኖሩ ነበር። ልጅቷ የተወለደችበትን ቀንና ሰዓት ጠይቀውኝ የኮከብ መጽሐፋቸውን ሲገልጡ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ጨረቃ ሃያ ሰባት ማደሪያ አላት» አሉኝ። «ልጅሽ የተወለደችው ሙል በሚባለው ነው። ሥር ማለት ነው፤ ተነቅሎ የታሰረ ሥር። የምትገዛውም የጥፋት እመቤት ናት። ሥርዓቱ ሳይደረግ አባትየው ፊቷን ካየ ለሕይወቱ ያሰጋዋል።»

ሌላ አራስ ብትሆን ከቤቷ ታባርራቸው ነበር። እኔ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ለሞተ ሰው ማን ይሰጋል? በዚያ ሁሉ ከተማ ባሌን በሕይወት እንዳለ ሰው የቆጠሩልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ንስሐ አባቴ ቢሰሙ ጉድ እንደሚፈላ አውቃለሁ፤ ይፍላ አልኩ።

ለሥርዓቱ ጨረቃ ዞራ እዚያው ማደሪያ እስክትመለስ ጠበቅን። ያን ሰሞን ሰው ሆኜ ሰነበትኩ። እህል ቀመስኩ፤ ጡቴም አጋተ።

ቀኑ ሲደርስ ኩሽናቸው ውስጥ ቅጠል በተነከረበት ውሃ ልጅቷን አጠቧት፤ ጸለዩላትም። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ዘይት ሞልተው ፊቷን ወደ ዘይቱ አዘነበሉት። አባት መጀመሪያ የሚያየው ዘይቱ ላይ የሚታየውን መልኳን ነው።

«እሱ እስኪመጣ አንቺ እይለት» አሉኝ።

አየሁለት። ቁርጥ አባቷን ናት።

ባልቴቷ ደስ ብሏቸው ራሴን ዳበሱኝ። «በቃ ልጄ፣ አለቀ። ከእንግዲህ ቢያያትም ምንም አይሆንም።»

ምንም አይሆንም። ስንት ቀን ሙሉ የያዝኩት ያንን ስጋት ነበር፤ ስጋቱ ሲሄድ እሱም አብሮ ሄደብኝ።

«ሞቷል እኮ» አልኳቸው።

በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። ልጅቷን ከእጄ ተቀበሉኝ። እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ እዬዬውን አቀለጥኩት።