ገበሬውን ከራሱ ጋር ባዳ አደረግኩት

«ከሥልጠናው በፊትና በኋላ የጠየቅካቸው የኮንጋ ገበሬዎች የተለያዩ ሰዎች ናቸው?» አለኝ የመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪ ዛሬ ጠዋት።

«ኧረ ያው ራሳቸው ናቸው ዶክተር!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ታዲያ ለስታቲስቲክስ ስሌቱ ማን-ዊትኒን ለምን መረጥክ? እሱ ለተለያዩ ሁለት ቡድኖች ነው። ያንኑ ሰው ሁለቴ ስትለካ ዊልኮክሰን ነው። ገበሬውን እኮ ከራሱ ጋር ባዳ አደረግከው!»

የእኔስ ይታረማል፤ በፊትም በኋላም የማን መልስ የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። አብረውኝ ለሚኖሩት ጓደኞቼ «ዳታችሁ ኖርማል ካልሆነ ማን-ዊትኒ፣ አለቀ!» ብዬ ሌክቸር ሰጥቻለሁ። እነሱም ያንኑ ሰው ሁለቴ ነው የለኩት፤ ሁሉም እንደኔ ሠርተው ጽሑፋቸውን ትናንት አስገቡ።

አሁን ዲላ የተከራየነው ቤት በር ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሾፌሩ «አትወርድም እንዴ?» ይለኛል።

እናንተስ፣ በሙሉ ልብ አስተምራችሁ ሰው ገደል ከታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ።

የቤቴ ልጆች ግን እናንተ አትመልሱ።