አጭር እጅጌ

የሆቴሎችን አንሶላ በሚያጥበው ድርጅት ውስጥ የሴቶቹ የሥራ ልብስ እጅጌው አጭር ነው። ያለ ምክንያት አይደለም። አንሶላ የሚተኩሰው ማሽን የጋለ ትልቅ ጥቅልል ብረት ነው፤ ጫፉን የነከሰውን ነገር ሳይመርጥ ወደ ውስጥ ይስባል። አንድ ጊዜ የሹራብ እጅጌ ስቦ ጣት አስከትሏል ይባላል። ከዚያ ወዲህ ረጅም እጅጌ ክልክል ሆነ፤ ብርድ ሲሆንም፣ ሰው ሲያመውም።

ቀስታ ዓመታት የቆመችው ከዚህ ማሽን ፊት ነው። ቀስታ የወላጆቿ ስም አይደለም። አለቃው «ቶሎ! ቶሎ!» ባለ ቁጥር ቀና ሳትል «ቀስ» እያለች ስለምትመልስለት ሴቶቹ ያወጡላት ነው። ሰው ከአገሩ ከወጣ በኋላ ስሙም ቢለወጥ ብዙ አያስገርምም።

ባል አላት፤ በከተማው ሌላ ጫፍ መጋዘን ይጠብቃል። እሷ የምታድረው በድርጅቱ የሴቶች ማደሪያ፣ እሱ በጥበቃዎቹ ማደሪያ ነው። እሱ ተረኛ ባልሆነበት እሑድ አንድ ጓደኛው ክፍሉን ለቆላቸው ይወጣል። «በሕግ ተጋብተን እንደ ሌባ ተደብቀን እንገናኝ!» ይላል ባሏ እየሳቀ። ሳቁ ግን ከዓመት ዓመት እያጠረ መጥቷል። አገር ቤት፣ እናቷ ዘንድ የቀረች ሴት ልጅ አለቻቸው። የፊት ጥርሷ መውለቁንም መልሶ መብቀሉንም ያዩት በስልክ ነው። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ሲታደስ ሊያስመጧት ይችላሉ። ፈቃዱ የሚታደሰው ግን ሥራ ላለው ነው፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ ከማሽኑ ፊት አትቆምም፣ ሌላ ቦታም አይፈለግላትም። በጨዋ ደንብ ትሰናበታለች። ባሏ ይህን አሳምሮ ያውቃል። እያወቀም፣ «ወንድም ቢኖራት እኮ…» ብሎ ይጀምርና ሳይጨርሰው ይተወዋል።

ስለዚህ ሳትነግረው የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ትወስድ ነበር። ኪኒን ሰዓት ካልጠበቁለት ያኮርፋል። የቀስታ ሰዓት ደግሞ የራሷ አይደለም፤ አንዱን ሳምንት ቀን፣ ሌላውን ሳምንት ሌሊት ትሠራለች። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ለሚተኛ ሰው ማታ የሚባለው የቱ ነው? አንዷን ፍሬ ረሳች፣ ሌላዋን ደረበች። ደሟ ሲቀር ከድካም ነው አለች። የሳሙናው ሽታ ሲያጥወለውላት ግን የምትለው አጣች።

ክሊኒኩ ከጫማ መደብር በላይ ነው። ፀጉሯን ሽበት የወረሳት ነርስ የቀስታን ቋንቋ ስለማትችል ጠረጴዛው ላይ ስልክ አስቀመጠች። ከስልኩ ውስጥ ያገሯ ልጅ ድምፅ ወጣ።

«እህቴ፣ እኔ አስተርጓሚዋ ነኝ። ያላችሁትን ብቻ ነው የምናገረው፤ ከራሴ አልጨምርም።»

ከድምፁ ጀርባ ድስት ይከደናል፤ ሕፃን ያልጎመጉማል።

«የሚያስወርድ ኪኒን ልስጥሽና ቤትሽ፣ አልጋሽ ላይ ሆነሽ ትጨርሺው? ወይስ እዚሁ በመሣሪያ ይውጣልሽ? ትልሻለች።»

«የትኛው ቤቴ?» አለች ቀስታ። «አንድ ክፍል የታጨቅን ሴቶች ነን፤ መታጠቢያ ቤቱ አንድ። ትንሽ ቆየት ካልሽ በሩን በጡጫ ነው የሚሉት። እዚሁ ይሁንልኝ።»

እዚያው ሆነ። ከፈራችው ያነሰ፣ ካሰበችው የበለጠ አመማት። አላለቀሰችም። የገረማት በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ በጀርባዋ መተኛቷ ነው። ትንሽ ቢተዉአት እንቅልፍ ይዟት ይሄድ ነበር።

ከዚያ ነርሷ ወንበሯን አስጠጋች።

«ተመልሰሽ እንዳትመጪ ምን እናድርግልሽ? ትላለች» አለ ድምፁ። «ሉፕ አለ፣ ማህፀን ውስጥ የሚገባ። እስከ አሥር ዓመት ይቆያል።»

«አሥር ዓመት! እዚህ አሥር ዓመት እንደምቆይ ማን ነገራት? ልትረግመኝ ነው?»

ስልኩ ውስጥ ሳቅ አመለጠ። «ይቅርታ፣ እህቴ። ይህንንም ልተርጉምላት?»

«ተዪው። መርፌውስ?»

«በየሦስት ወሩ እየመጣሽ ትወጊያለሽ።»

በየሦስት ወሩ ፈቃድ መጠየቅ፣ በየሦስት ወሩ «ምንሽን አሞሽ ነው?» መባል አለ። ራሷን ነቀነቀች። ሉፑንም ቢሆን የሚያስገባውም የሚያወጣውም ሰው ነው፤ ለዛሬ እግሯን ለባዳ መክፈት በቅቷታል።

«ክንድ ላይ የሚቀበር አለ። ክብሪት እንጨት የምታክል ናት፤ ሦስት ዓመት።»

ሦስት ዓመት ፈቃዱ እስኪታደስ፣ ልጅቷ እስክትመጣ ያደርሳል። ቀስታ ግን ክንዷን አየችው። ማደሪያ ውስጥ ያሉ ሴቶች በላዩ የምትለጠፈውን ያቺን ትንሽ ፕላስተር ያውቋታል። ማሽኑ ፊት ክንድ የሁሉም ነው፤ አንሶላውን ወደ ላይ በወረወረች ቁጥር ውስጡ ሳይቀር ይታያል።

«የሚለበሰው አጭር እጅጌ ነው» አለች። «ባሌ እንዲሰማ አልፈልግም።»

ነርሷ ክንዷን ይዛ አየችው። ከዚያ የተናገረችውን ድምፁ ቀስ ብሎ አመጣው፦ «ፋሻውን ነገ ፍቺው፤ ፕላስተሯ ብቻ ትቀራለች። ከጥቂት ቀን በኋላ እሷም የለችም። ግን ዛሬ መወሰን የለብሽም ትላለች። አስበሽበት መመለስ ትችያለሽ።»

«መመለስ ነው የማልችለው» አለች ቀስታ፤ ክንዷንም ዘረጋች።

በማግስቱ በማሽኑ ግራ በኩል ልቁም ብላ ለመነች። በዚያ በኩል የክንዷ ውስጥ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ሐሳቧ ክፉ አልነበረም፤ ግን በግድግዳው በኩል የምትቆመው ሬዲዮ ነበረች። ሬዲዮ በዕድሜ ትልቃቸው ናት። በፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዘወር ስትል ግን ሬዲዮ ናት፤ ምክንያቱም የሰማችውን ሳታሰማ አትውልም። ወንድሟ ደግሞ ከቀስታ ባል ጋር አንድ መጋዘን ይጠብቃል።

ሬዲዮ ፕላስተሯን አየች፤ ቀስታንም አየች። ለአንድ ጊዜ እንኳ ዝም ልትል አስባ ነበር። አለቃው ግን ከኋላቸው ደርሶ ቆመ።

«ምንድን ነው ክንድሽ?» አለ፣ ሁሉም በሚግባቡበት በዚያ በተሰባበረ ቋንቋ።

ቀስታ አፏን ሳትከፍት ሬዲዮ ቀደመች። «እንፋሎት ነው! እንፋሎት ለብልቧት ነው፣ አለቃ። ትንሽ ናት።»

ለደግ ያለችው ነበር። ግን እዚያ ቤት ከረጅም እጅጌ የባሰ የሚፈራ ነገር ቢኖር ቃጠሎ ነው። አለቃው ፊቱ ተለዋወጠ። ማሽኑን አስቆመ፤ ሴቶቹ ሁሉ ቀና አሉ። ቃጠሎ አደጋ ነው፤ አደጋ ደግሞ ሐኪም ፊት ተከፍቶ ታይቶ ለበላይ ይነገራል። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን የያዘችውን ሴት በጩኸት ጠራት።

«አይ፣ አለቃ፣ ዳነች እኮ!» አለች ሬዲዮ። «ኧረ ቃጠሎም አይደል፣ ቃጠሎ ቢጤ…»

ቀስታ ወደ ሳጥኑ አየች፤ ፕላስተሯን ሊልጧት ነው። ሥሯ ያለውን ሲያዩ ደግሞ ለምን እንደተዋሸ ይጠይቋታል።

«አልተቃጠልኩም» አለች። «የእርግዝና መከላከያ ነው። ትናንት ነው ያስቀበርኩት።»

ማሽኑ ስለቆመ ቃሏ እስከ ዳር ተሰማ።

«አደጋ አይደለም?» አለ አለቃው።

«አይደለም።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለሦስት ዓመት።»

«በጣም ጥሩ!» አለ፤ ከልቡ ደስ ብሎት። ወደ ሴቶቹም ዞሮ፣ «አያችሁ? ብልህ ሴት!» አለና ማሽኑን አስነሣ። ለራሷ ብላ የሠራችው ነገር ለድርጅቱ እንደ ውለታ ተቆጠረላት። ቀስታ ከጠዋት ጀምሮ ያላፈረችውን ያን ጊዜ አፈረች።

«ወይኔ ልጄ» አለች ሬዲዮ አንሶላውን እያቀበለች። «ልሸፍንልሽ ብዬ ገለጥኩሽ። በእናቴ አፈር፣ ለአንድ ነፍስ አልናገርም!»

«እርስዎ ባይናገሩም ክፍሉ ሙሉ ሰምቷል፣ እትዬ።»

ሬዲዮ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ይህ በራሱ ዜና ነበር።

በምሳ ሰዓት ቀስታ ምግብ አልቀመሰችም። ከሕንፃው ጀርባ፣ የቆሸሸ አንሶላ ጆንያ ከተቆለለበት ሄዳ ተቀመጠችና ባሏ ዘንድ ደወለች።

«ምነው በደህና?» አለ። «እናትሽ ናቸው?»

«ሁሉም ደህና ናቸው። ወሬ ሳይቀድመኝ ልንገርህ ብዬ ነው። ክንዴ ላይ መከላከያ አስቀብሬአለሁ። ሦስት ዓመት የሚቆይ።»

ከወዲያ በኩል የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ይጮኻል።

«ሳትነግሪኝ?»

«ሳልነግርህ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

ኪኒን ነበር ብላ ብታቆም ነገሩ እዚያው ይቀራል። ይቆጣል፣ ያኮርፋል፣ ሲመቸው ይተወዋል። ለዚያ ግን ሌላ ውሸት ደግፎ የሚያቆም ጉልበት ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ወገቧም አልቀና ብሏታል።

«ኪኒን ነበር። ከዳኝ። ፀንሼ ነበር፤ አስወረድኩት።»

«ብቻሽን ሄድሽ?»

«ብቻዬን።»

«ብትነግሪኝ እምቢ እል ነበር» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው።»

«አሁንም ደግ አደረግሽ አልልሽም።»

«አትበለኝ።»

የምሳ ሰዓት ማብቂያው ደወል ጮኸ። ሁለቱም ሰሙት።

«እሑድ እመጣለሁ» አለ።

«መጥተህ ምን ልትለኝ?»

«እኔ እንጃ። እስከዚያ አስብበታለሁ።»

ይህ ምሕረት አይደለም፤ ጠብም አይደለም። ቀስታ ከዚህ የከፋ ጠብቃ ነበር፤ ከዚህ የተሻለውን ለመለመን ደግሞ አቅም አልነበራትም። «እሺ» አለችው። ጆንያውን ተደግፋ ተነሣች፤ ክንዷን ሳትሸፍን ገብታ በማሽኑ ግራ በኩል ቆመች።