ሁለት ጊዜ አሚን ያልኩበት እሑድ

ነገሩ የጀመረው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ ብርጭቆዎቿን በአሮጌ ነጠላ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትከታለች፤ እኔ ካርቶኑን እይዛለሁ። ከፒያሳ ጀርባ ያለው መንደር ሊፈርስ ስለሆነ መልቀቃችን ነበር። ከደሴ መጥቼ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ያረፍኩት እሷ ዘንድ ነው። ቢሮዬ አምስት ኪሎ ስለሆነ በእግሬ እሄድ ነበር። ከእንግዲህ ግን ከከተማው ዳር ካሉ ሁለት ሰፈሮች አንዱ ሊሆን ነው፤ ወይ አያት፣ ወይ ጀሞ።

አያት የአክስቴ ልጅ ኮንዶሚኒየም አላት፤ አክስቴም እዚያው ትገባለች። ጀሞ አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ይኖራሉ። እኔ ሁለቱንም ሰፈር አይቼ አላውቅም። በልቤ ግን ሳመዛዝን ሰንብቻለሁ። ለአያት ባቡር አለ፤ ለጀሞ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ መቀየር ይኖርብኛል። ክረምት ሲገባ ጭቃው የት ይብሳል? ሲመሽ መንገዱ ላይ መብራት አለ? ከሁሉም በላይ፣ በሬን ዘግቼ ብቻዬን የምቀመጥበት የትኛው ነው? ሄጄ ማየት እፈልግ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የሚጠይቀኝ ሰው እየጠበቅኩ ነበር።

አክስቴ የመጨረሻውን ብርጭቆ ከታ መዳፎቿን ዘረጋች።

"ያ አላህ፣ ይቺን ልጅ ከእኔ አትለያት። የአያቱን ቤት የኸይር ቤት አድርግላት።"

እጄን ከካርቶኑ ላይ አላነሳሁም።

"ምነው? አሚን በይ እንጂ!"

"አሚን" አልኩ።

እኛ ወሎዎች ዘንድ ዱዓ ተደርጎበት አሚን የተባለ ነገር ያለቀ ነገር ነው። እርቅ የሚታሰረው፣ ልጅ የሚዳረው በእሱ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ሳለ "ቆይ፣ ላስብበት" የሚል አፍ የለኝም።

ወዲያው የጆንያ መርፌ ተውሼ እንዳመጣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ወዳለው የአጎቴ ልብስ ስፌት ሱቅ ላከችኝ። የአያቱን ነገር ቀስ ብዬ ልነግራቸው እያሰብኩ ነበር የገባሁት። ገና ሰላም ሳልል ከስፌት መኪናቸው ቀና አሉ።

"እንኳን መጣሽ! የጎረቤቴ ሰርቪስ ቤት ተለቀቀ። በርሽ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። ስትገቢም ስትወጪም አይሻለሁ፤ አብሽሪ!"

"አጎቴ፣ እኔ እኮ..."

እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡት ሁለት ሰዎችም እጃቸውን ዘረጉ። ለጀሞው ቤት ረጅም ዱዓ ተደረገ፤ ሱቁ በሙሉ አሚን አለ። እኔም አብሬ አልኩ። ከሁሉም ያነሰው የእኔ ድምፅ ነበር፤ የሰሙት ግን እሱን ነው።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ አጎቴ ዕቃ በማሰር ሊያግዙን መጡ። ገመድ እየሳቡ፣ "የእሷን ለብቻ አስቀምጡት፤ እኔ ጀሞ አደርሰዋለሁ" አሉ።

"የማንን?" አለች አክስቴ።

"የወንድሜን ልጅ።"

"እሷ ለአያት አሚን ብላለች!"

"ለጀሞም ብላለች። ደንበኞቼ ምስክሮቼ ናቸው።"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የምሸሽበት ቦታ አልነበረም፤ በሩን ካርቶን ዘግቶታል።

"አንቺ፣" አሉ አጎቴ እየሳቁ፣ "ሰው ለሁለት ታክሲ እጁን ያነሳል እንዴ?"

"ልጅቷን ተዋት! አንተ ነህ እንጂ ሱቅህ የገባውን ሁሉ ሳትለካ የምትሰፋለት።"

"አንቺስ ለክተሻታል?"

"እኔማ በዓይኔ ለክቻታለሁ!"

እነሱ ሲስቁ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አጎቴ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ "በይ፣ የቱ ነው? አሁኑኑ ተናገሪ" አሉ።

ስጠብቀው የሰነበትኩት ጥያቄ መጣ፤ የመጣው ግን ሁለቱም ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ነው። አያት ብል እሳቸውን፣ ጀሞ ብል እሷን፣ አይቼ ልወስን ብል ሁለቱንም ማስቀየሜ ነው።

"እንደ ፈቀዳችሁ" አልኩ።

"እኛማ መች ተስማማን!" አለች አክስቴ።

አጎቴ ተነሡ። "ነገ ጠዋት ሱቅ እንደከፈትኩ ለአባቷ እደውላለሁ። እሱ የቆረጠውን ሁላችንም አሚን እንላለን።"

አባቴ አዲስ አበባን ከአውቶቡስ ተራ አልፎ አያውቃትም። ቢሆንም አንድ ቃል ከተናገረ በኋላ ለእኔ የሚተርፍ ነገር እንደማይኖር ይገባኝ ነበር። በካርቶኖቹ መካከል እግሬን አጥፌ ተኛሁ፤ የምዘረጋበት ቦታ አልነበረኝም።

በማግስቱ አክስቴ ሱብሂ ሰግዳ እስክትጨርስ ጠበቅኳት። የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ አጠገቧ ስቀመጥ ግን ሁሉም ጠፋብኝ። እሷ መዳፎቿን ስትዘረጋ እኔም ዘረጋሁ። ዱዓ የሚያደርግን ሰው ማንም እንደማያቋርጥ ያሰብኩት ያኔ ነው።

"ያ አላህ፣" አልኩ ጮክ ብዬ፤ "አያትንም ጀሞንም ሄጄ በዓይኔ እንዳይ እርዳኝ። የምኖርበትን ራሴ ልምረጥ። አክስቴንና አጎቴንም አታስቀይምብኝ።"

የአክስቴ እጆች አየር ላይ ቀሩ። ከውጭ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል። ትናንት እኔን ሲጠብቁኝ እንዲህ ከብዷቸው ይሆን አልኩ።

"አሚን" አለች በመጨረሻ፣ ፊቷን በመዳፎቿ እያበሰች። ከዚያ ገረመመችኝ። "ዱዓ አስመስለሽ ነገርሽን ነገርሽኝ፣ አይደል?"

"አዎ።"

"አጎትሽ እንደ እኔ ሞኝ እንዳይመስሉሽ።"

"ሳይደውሉ ልድረስባቸው" አልኩ።

ሻሼን አስሬ፣ የጆንያውን መርፌ ይዤ ወደ ድልድዩ ወረድኩ። አጎቴ የሱቁን በር ገፋ አድርገው ስልካቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ነበር። መርፌውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና፣ ሰላምታ እንኳን ሳላስቀድም፣ መዳፎቼን ዘረጋሁ።