ከጎታ የፈሰሰው እንግሊዝኛ

ልጅ እያለሁ፣ አርብ ገበያ ከተማ፣ ከቤታችን አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወንድሜን ጌጡንና ጓደኞቹን መደቡ ላይ ደርድረው ያስጠኗቸዋል። እኔ ትምህርት ቤት አልተላክሁም። ጓዳው ደጃፍ ላይ ምስር እለቅማለሁ፤ ጆሮዬ ግን እነሱ ዘንድ ነው። የዚያን ጊዜ ምስር ደግሞ ሽታው! እናቴን «መደቡ ላይ ልቀመጥ» ብዬ ስንቴ ለመንኋት። «ምስሩን ማን ይለቅመዋል?» ትለኛለች።

አንድ ቀን መምህሩ ኢምፖርትና ኤክስፖርት የሚሉ ቃላት አመጡ። ሁለቱም ከአንድ የላቲን ሥር የበቀሉ ናቸው፣ ሥሩም መሸከም ማለት ነው አሉ፤ አንዱ ተሸክሞ ማስገባት፣ ሌላው ተሸክሞ ማውጣት። ልጆቹ ሦስት ቀን ሙሉ አንዱን በሌላው እያገላበጡ ሳቱት።

«ይህን የሚለይልኝ ጠፋ?» አሉ መምህሩ ተናደው።

«እኔ እለየዋለሁ» አልሁ ከደጃፉ።

ጌጡ ሳቀ። «አንች ምስርሽን ልቀሚ!»

እልህ ያዘኝ። ጓዳ ወዳለው ጎታ ሄድሁ። ጎታ እህሉ ከላይ በአፉ ይገባል፣ ከታች በቀዳዳው ይወጣል። እፍኝ ገብስ ከላይ ጨመርሁና «ኢምፖርት!» አልሁ። ጎንበስ ብዬ የታችኛውን ውታፍ ነቀልሁ። «ኤክስፖርት!» ለካ ጢም ብሎ የሞላው የዘር ገብሱ ጎታ ነው፤ ሿ ብሎ ጓዳውን አለበሰው። ውታፉን ልመልስ ብል እምቢ አለኝ።

«ወይኔ ዘሬ!» እናቴ እየጮኸች ገባች። መምህሩ ቀድመው ተንበርክከው ቀዳዳውን በመዳፋቸው ደፍነውታል።

«እትዬ፣ ይማሯት። ሦስት ቀን ያቃተኝን አስተማረችልኝ። መደቡ ላይ ትቀመጥ።»

እናቴ ገብሱን አየች፤ ገብስ ውስጥ የተንበረከኩትን መምህር አየች። ሳቋ አመለጣት። «መጀመሪያ አንድ ፍሬ ሳታስቀር ትልቀም!»

ለቀምሁ። ጌጡና ጓደኞቹም «ኢምፖርት፣ ኢምፖርት» እያሉ እፍኝ እፍኙን መለሱት፤ ከዚያ ወዲያ አንዳቸውም አልሳቱትም። በማግስቱ ከጌጡ ጎን ነበርሁ። መምህሩ ተቀይረው እስኪሄዱ ማንም አላስነሣኝም።

ዛሬ የልጅ ልጄ መካነ ኢየሱስ ከተማ ትማራለች። የፊት ወንበር ላይ ስትቀመጥ የሚሟገታት የለም፤ ያልገባትን ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ ታገኘዋለች። እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ! ባለፈው የትራንስፖርትን ሥር ስነግራት ግን አፈጠጠችብኝ።

«እማማ፣ አልተማርሁም ይሉ አልነበር?»

«ትምህርት ቤትማ አልገባሁም» አልኋት ነጠላዬን እያስተካከልሁ። «መደቡ ላይ ግን ተቀምጫለሁ።»