ሰው የማይገባበት ፎቶ

ፎቶ ሳነሳ ሰው ፊቴ ሲገተር ደሜ ይፈላል። በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ጂንካ አስተማሪ ሳለሁማ ይብስብኝ ነበር። ከክልል የመጡ ሰዎች «የአገሪቱን ነባርና አዳዲስ ሕንፃዎች የሚያሳይ አልበም ሊዘጋጅ ነው፤ የደቡብ ኦሞን አንተ አንሳ» ሲሉኝ ጭራሽ መሬት አልበቃኝም። ትእዛዛቸው ሕንፃው ብቻ ይታይ፣ ሰው እንዳይገባበት ነው።

አዲሶቹ አላስቸገሩኝም። የብሎኬት ቢሮን በእሁድ ቀን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ጣጣው የድሮዎቹ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር አንድ የጭቃ ሱቅ ነበር፤ ግድግዳው በኖራ የተቀባ፣ የበረንዳው ምሰሶዎች አንድ በአንድ በእጅ የተጠረቡ። ካሜራዬን ሳስተካክል አንድ ሽማግሌ አናጢ መጋዙን እንደያዘ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። በወጣትነቱ ከጋሞ መጥቶ የከተማውን ግማሽ ያቆመ ሰው ነው።

«ይሄን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ። አንሳኝ» አለኝ።

«አባባ፣ የሚፈልጉት ቤቱን ብቻ ነው። ዞር ይበሉልኝ።»

«ቤቱ ብቻውን በቀለ እንዴ?»

በረንዳው ላይ የተቀመጡት ሳቁ። እኔ ተናደድኩ። ለቀጣዩ ፎቶ ወደ ሃና ከተማ የሚወስደኝ መኪና ጡሩምባውን ይነፋል፤ ካመለጠኝ ሌላው መቼ እንደሚገኝ እግዜር ነው የሚያውቀው። ያን ጊዜ ነው ያቺን ተንኮል ያሰብኳት።

«በዚህ ልብስማ አይሆንም፤ ቤት ይሂዱና ኮትዎን ለብሰው ይምጡ» አልኩት።

ፊቱ በራ። መጋዙን በረንዳው ላይ ጥሎ፣ በዚያ ዕድሜው እየሮጠ ሄደ። ከዓይኔ ሲሰወር ሦስት ጊዜ አነሳሁና መኪናው ላይ ዘለልኩ። መኪናው ተሳፋሪ ሞልቶ ሲዞር በመስኮት አየሁት። ለቸርች የሚለብሰውን ጥቁር ኮት እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሹፌሩን «አንዴ አቁምልኝ» ማለት ምን ነበረበት? ፊቴን ከመስኮቱ አዞርኩ።

ከሃና ስመለስ በዚያ በኩል ማለፍ አፈርኩ። አንድ ቀን ገበያ ላይ ፊት ለፊት ስንገጣጠም «አባባ፣ አነሳዎታለሁ፣ ፊልም አልቆብኝ ነው» አልኩ። «እሺ ልጄ» አለ እንጂ አንድ የወቀሳ ቃል አልወጣውም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሱቁ ለአስፋልቱ ተብሎ ፈረሰ፤ ከኋላው ባለ መስታወት ሕንፃ ተሠራ፣ እሱንም አነሳሁ። ፊልም ቀርቶ ዲጂታል መጣ፣ ስልክ መጣ፤ የከተማው ሰው ሁሉ ራሱን ሲያነሳ እኔ ለአንድ ሽማግሌ «ነገ» እላለሁ። ወይ ነገ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የኔ ነገር።

አምና አረፈ። ለቅሶ ልደርስ ድንኳን ገብቼ ገና ከመቀመጤ ሴት ልጁ አጠገቤ መጣች።

«መምህር፣ እርስዎን ስንጠብቅ ነበር። ያለን ፎቶ የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለችው ብቻ ናት፤ እሷም ማኅተሙ ፊቱ ላይ አርፎባታል። ኮቱን ለብሶ፣ ሱቁ በር ላይ ሆኖ ያነሱትን ፎቶ ይስጡን።»

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ ነዋ! ያን ዕለት ቤት ሲመለስ ‹ተነሳሁ› አለን። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር እሷኑ ነው የሚያወራው።»

ሽማግሌው ባዶ እጁን መመለሱን ለልጆቹ መናገር አፍሮ ነው፣ ወይ እኔን ሊሸፍን፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። እውነቱን ብነግራት ሬሳው ሳይወጣ አባቷን ውሸታም ላደርገው ነው።

«ፊልሙ ተበላሸብኝ» አልኳት።

ትከሻዬን ይዛ አጽናናችኝ። «አይዞዎት መምህር፣ ምን ያደርጉታል? ዋናው እርስዎ አክብረው አንስተውታል። እግዜር ይስጥልን» አለችኝ።