ድጋፉ ሲነቀል
ወንድሜ በሰው አገር የመንግሥት ሕንፃ የሚያሠራ መሐንዲስ ነው። እዚያ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ የጣሪያው ኮንክሪት ደርቆ የደገፉት እንጨቶች ሲነቀሉ መሐንዲሱ ሥሩ መቆም አለበት። «አንተ ካልቆምክ እኛም አንነካውም» ይላሉ ሠራተኞቹ። ምን ዓይነት ወግ ነው እቴ! ስሌቱን ደጋግሞ ቢያየውም ያን ቀን ልቡ ስቅል ይላል። ይህን የማታውቀው የእናታችን ስጋት ግን የዚያ አገር ፀሐይ ብቻ ነው።

የሚያሠራው የፍርድ ቤት አዳራሽ ተራ የደረሰ ዕለት፣ እሱ ሥሩ ቆሞ የመጀመሪያው እንጨት እንደተነቀለ ስልኩ ጮኸ። እሷ ነበረች።

«የኔ ልጅ፣ ፀሐዩ አልጠነከረብህም?»

ከራሱ በላይ አንድ ነገር ቋ አለ። ሠራተኞቹ ወደ በሩ ሸሹ።

«ኧረ ጥላ ሥር ነኝ፣ እማዬ» አላት ድምፁን እንደምንም አረጋግቶ።

«እሰይ፣ ተመስገን! በል ከዚያ ንቅንቅ እንዳትል።»