ያላየሁት ክፍል

ሐይቅ ከተማ፣ በእኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው አንድ ጎረቤት ብቻ በነበረበት ዘመን፣ እሑድ እሑድ የሚታይ የቤተሰብ ድራማ ነበር። እኔ የምወደው አባትየውን ነው። ለሴት ልጁ የመጡትን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ይመልሳል፤ በሦስተኛው ተነሥቶ «ልጄን ያሳደግኳት ለደጅ ጠኚ ሁሉ አይደለም» ይላል። ንግግሩን በቃሌ ያዝኩት። ልጄ ያኔ ገና ድክ ድክ ትል ነበር፤ እኔ ግን ተዘጋጅቼ ነበር።

አምና ከውጫሌ ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ጨዋ ነው፣ ልጄም ትወደዋለች። ደንቡ መጀመሪያ «እንመካከርበት» ብሎ መሸኘት፣ ሲመለሱ እሺ ማለት ነው። እኔ ሦስት ጊዜ መለስኳቸው። በሦስተኛው ጋቢዬን አጣፍቼ ተነሣሁና ንግግሩን አንድ ቃል ሳላጎድል ተወጣሁት። ጭብጨባ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። ልጄም ከሰላምታ በቀር ቃል አልጨመረችልኝም።

ዘንድሮ አንድ እሑድ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ያ ድራማ ነው። ንግግሩ ሲደርስ ከተዋናዩ እኩል አልኩት። ቀጣዩን ክፍል ከፈተች። አባትየው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የሙሽራው ቤተሰብ ደጃፍ ላይ ይቅርታ ይለምናል።

«ይኸ ደሞ ከየት መጣ?» አልኳት።

«አላዩትም እንዴ፣ አባባ?»

«የዚያን ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበር።»

ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። አፈርኩ። ለካ በግማሽ ድራማ የልጄን ዕድል ዘግቼ ኖሯል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

የሴት ልጅ አባት ራሱ ሄዶ «ሽማግሌዎቹ ይመለሱልኝ» ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ውጫሌ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ንግግር ሳሰናዳ ነበር፤ የራሴ ስለሆነ አላማረም። የልጁ አባት በሩን ሲከፍቱ ንግግሩም ጠፋኝ፤ የወጣኝ «ይቅርታ፤ የቀጣዩ ክፍል ዕለት መብራት ጠፍቶብን ነበር» ብቻ ነው።

«ይግቡ እንጂ» አሉኝ። «ሽማግሌዎቹ ንግግርዎን ሲነግሩኝ ከየት እንዳመጡት አውቄያለሁ። እኛ ጋ ያን ዕለት መብራት ነበር። ዛሬ ይመጣሉ ነገ ይመጣሉ እያልኩ፣ ይኸው ለልጁ ሌላ ቤት ሽማግሌ ሳልልክ ከረምኩ።»